የታደለውና የወሰነው

በአማርኛ «ዕድል» የሚለው ስም «ማደል» ከሚለው ግስ ጋር አንድ ሥር አለው። ካርታ በውዞ ለተቀመጡት የሚያከፋፍል ሰው ያድላል፤ የሰመረለት ሰው «የታደለ» ይባላል፤ ያልሰመረለትም «ያልታደለ»። ቋንቋው በዚህች አንድ ሥር ውስጥ ስለ ሰው ልጅ ኑሮ ትልቅ ግምት አኑሯል። ለእያንዳንዱ አንድ ነገር ይታደለዋል፤ የተሰጠውን ይዞ ምን እንደሚያደርግ ግን የራሱ ጉዳይ ነው። እንዲህ ሲባል ቀላል ይመስላል። አስቸጋሪ የሚሆነው ነገሩ ካለፈ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ «ይህ የሆነው ስለ ታደለ ነው ወይስ በሚገባ ስለ ወሰነ?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው። ያተረፈ ሁሉ ብልህ፣ የከሰረ ሁሉ ሞኝ ተደርጎ በሚታይበት ዓለም ይህን ጥያቄ በትዕግሥት የሚመረምር ብዙ አይገኝም።

ይህንኑ የቆየ ጥያቄ በ21ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከፈላስፎች ጉባኤ አውጥቶ በብዙ ሰዎች መኝታ ቤት ውስጥ ያስገባው ማንም ያልጠበቀው ነገር ነው፤ በኢንተርኔት የሚካሄድ የፖከር ውድድር። ቁማር የሥነ ምግባር አስተማሪ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ጨዋ ሰው አይገኝም፤ ምናልባትም እውነቱን ነው። ይሁንና ጨዋታውን በዚህ መንገድ የተማሩ ሰዎች ከጠረጴዛው ይዘውት የተነሡት ትምህርት ከካርታ አልፎ ስለ ጥፋትና ስለ ኃላፊነት የሚናገር በመሆኑ ሊመረመር ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ በአሜሪካ የቴኔሲ ግዛት ነዋሪ የሆነ የ27 ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ ከመቶ ዶላር ያነሰ ከፍሎ በኢንተርኔት ወደሚካሄድ የማጣሪያ ውድድር ገባ። ማጣሪያው በመጨረሻ በላስ ቬጋስ በየዓመቱ ለሚደረገው የዓለም የፖከር ሻምፒዮና ዋና ውድድር የሚያበቃውን የ10,000 ዶላር መግቢያ አስገኘለት። ከዚያ በፊት ከሰዎች ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ በእንዲህ ያለ ውድድር ተካፍሎ አያውቅም ነበር። በዚያ ዓመት ከተመዘገቡት 839 ተወዳዳሪዎች መካከል ሌሎቹ ሁሉ ተራ በተራ ወጥተው እርሱ ብቻውን ቀረና 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። የቤተሰብ ስሙ በእንግሊዝኛ «ገንዘብ ሠሪ» ማለት መሆኑ ደግሞ ለጋዜጠኞች ፈልገው የማያገኙት ስጦታ ሆነላቸው። በቀጣዩ ዓመት የተወዳዳሪዎቹ ቁጥር 2,576 ደረሰ፤ በ2005 5,619፣ በ2006 ደግሞ 8,773። ዓለም ከዚህ ሰው ድል አንድ መደምደሚያ ወስዶ ነበር፤ ተራ ሰው ቤቱ ተቀምጦ በኮምፒውተር ተምሮ ሊቆቹን ሊያሸንፍ ይችላል የሚል።

መደምደሚያው ግን በምን ላይ እንደቆመ መመልከት ያስፈልጋል። ቴክሳስ ሆልደም በሚባለው የፖከር ዓይነት እያንዳንዱ ተጫዋች ለራሱ ብቻ የሚያያቸው ሁለት ካርታዎች ይታደሉታል፤ ከዚያም አምስት ካርታዎች በየተራው በጠረጴዛው ላይ ለሁሉም ይገለጣሉ፤ ከሰባቱ መካከል የተሻሉትን አምስት ያጣመረ ያሸንፋል። በ2003ቱ ውድድር አሥር ሰዎች ብቻ ሲቀሩ መኒሜከር ከፊል አይቪ ጋር ተፋጠጠ። አይቪ በዘመኑ ከሚፈሩት ባለሙያዎች አንዱ ነበር። መኒሜከር አንድ አስና አንዲት ንግሥት፣ አይቪ ደግሞ ሁለት ዘጠኝ ይዘዋል። በጠረጴዛው ላይ ሁለት ንግሥት፣ አንድ ስድስትና አንድ ዘጠኝ ተገልጠዋል። ይህ ማለት አይቪ ሦስት ዘጠኝና ሁለት ንግሥት አለው፤ መኒሜከር ሦስት ንግሥት ይዞ ተበልጧል፤ መበለጡን ግን አያውቅም። አይቪ ያለውን ሁሉ አስያዘ፤ መኒሜከርም ተቀበለ። የቀሩት ያልታዩ ካርታዎች 44 ናቸው። ከእነርሱ መኒሜከርን የሚያድኑት ሰባት ብቻ ነበሩ፦ ሦስት አስ፣ ሦስት ስድስትና የቀረችው አንዲት ንግሥት። ከስድስት አንድ ገደማ መሆኑ ነው። የመጨረሻው ካርታ ሲገለጥ አስ ሆነ። አይቪ አሥረኛ ሆኖ ወጣ።

በዚያች ቅጽበት ከሁለቱ ስሕተት የሠራ አልነበረም ማለት ይቻላል። አይቪ እየበለጠ ሳለ ገንዘቡን አስያዘ፤ ከዚህ የተሻለ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? መኒሜከርም ሦስት ንግሥት ይዞ ካርታውን ቢጥል ፈሪ በተባለ ነበር። ከሰባቱ ካርታዎች አንዱ ባይወጣ ግን ሀብቱ ክፉኛ በተጎዳ፣ ምናልባትም ስሙን የሚያውቅ ባልኖረ ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ በየዓመቱ ወደ ላስ ቬጋስ የጎረፈው፣ በየቤቱም ኮምፒውተር ከፍቶ የተቀመጠው ቢያንስ በከፊል አንዲት ካርታ በወደቀችበት መንገድ ምክንያት ነው። ውጤትን አይቶ ስለ ችሎታ መፍረድ ምን ያህል እንደሚቀናን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ውድድሩ የሚማርን ሰው ግራ የሚያጋባው ከዚህም ሌላ በራሱ አሠራር ነው። ሁሉም እኩል ከፍሎ ይገባል፤ እኩል ቺፕስም ይሰጠዋል። ቺፕሱ በመካከል በገንዘብ አይመነዘርም፤ ያለቀበት ይወጣል። በግድ የሚያስይዘው መጠን በየጊዜው ስለሚጨምር ጥሩ ካርታ እስኪመጣ ዝም ብሎ መጠበቅ አይቻልም። በመጨረሻ ሽልማት የሚደርሳቸው ከአሥር ሰዎች መካከል የአንዱን ያህል ወይም ጥቂት ከፍ ያሉ ናቸው፤ ከገንዘቡም አብዛኛው ወደ ጥቂቶቹ ፊተኞች ይሄዳል። ስለዚህ ከሁሉ የላቀው ተጫዋች እንኳ ከሚገባባቸው ውድድሮች አብዛኞቹን ተሸንፎ ነው የሚወጣው። በገበጣ ወይም በሰንጠረዥ የተሸነፈ ሰው የሚያሳብበው ነገር የለውም፤ ጠጠሩም ሆነ ፈረሱ ከዓይኑ ሥር ነበር። በፖከር ግን በሚገባ የተጫወተም ይሸነፋል። ሁለት አስ የሚታደለው ሰው ከ221 ጊዜ አንዴ ብቻ ነው የሚያገኘው፤ ይህን ከሁሉ የሚበልጠውን ጅምር ይዞ ሁለት ንጉሥ ከያዘ ሰው ጋር ያለውን ሁሉ ቢያስይዝ ከ100 ጊዜ 82 ያህሉን ያሸንፋል። በቀሩት 18 ጊዜያት ትክክለኛውን አድርጎ ከውድድሩ ይወጣል። መምህሩ ትክክል የመለሰውን ተማሪ ከአምስት ጊዜ አንዴ በኩርኩም የሚመታበት፣ የተሳሳተውን ደግሞ አልፎ አልፎ የሚሸልምበት ትምህርት ቤት ነው።

እዚህ ላይ ነው ኢንተርኔቱ ጥቅም ያለው። ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲጫወቱ በሰዓት 30 ጊዜ ያህል ካርታ ይታደላል። በኮምፒውተር አንድ ጠረጴዛ ላይ ይህ ቢያንስ በእጥፍ ይፈጥናል፤ ተጫዋቹም በአንድ ጊዜ ብዙ ጠረጴዛ ከፍቶ መቀመጥ ይችላል። ሽማግሌዎቹ በአርባ ዓመት ያዩትን ካርታ ወጣቶቹ በጥቂት ዓመታት አዩት። ኖርዌያዊቷ አኔት ኦብረስታድ በ15 ዓመቷ በነጻ በሚሰጡ ውድድሮች ጀምራ የራሷን ገንዘብ ሳታስገባ እንዳደገች ይታወቃል። በ2007 በለንደን በተካሄደው የመጀመሪያው የአውሮፓ ሻምፒዮና 19 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀራት አንድ ሚሊዮን ፓውንድ አሸንፋለች። በዚያው ዓመት በኢንተርኔት 180 ሰዎች በተካፈሉበት ትንሽ ውድድር ካርታዋን ከአንድ ጊዜ በቀር ሳትመለከት ተጫውታ ማሸነፏም ብዙ ተወርቷል። ምን ታድሎኛል የሚለውን ጥያቄ ሸፍና ሌሎቹ ምን እያደረጉ ነው የሚለውን ብቻ መመልከቷ ነው።

የዚህን ትምህርት ውስጡን ከሁሉ አብራርታ የጻፈችው ግን ማሪያ ኮኒኮቫ ናት። በሥነ ልቦና ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ያላት ይህች ጸሐፊ ፖከር ከመጀመሯ በፊት በአንድ ካርታ ማሸጊያ ውስጥ ስንት ካርታ እንዳለ እንኳ በትክክል አታውቅም ነበር። በሕይወት ውስጥ ችሎታና ዕድል የት ላይ እንደሚለያዩ ለመመርመር ብላ ወደ ጨዋታው ገባች። የምትኖርበት የኒው ዮርክ ግዛት በኢንተርኔት ፖከር መጫወትን ስለማይፈቅድ ሀድሰን ወንዝን እየተሻገረች በኒው ጀርሲ ግዛት ሻይ ቤት ውስጥ ኮምፒውተሯን ዘርግታ ትማር ነበር። ወንዝ ማዶ ያለው ጥፋት ወንዙን ሲሻገሩ ትምህርት መሆኑ ስለ ሕግና ስለ ሥነ ምግባር ሌላ ጽሑፍ የሚያስጽፍ ነው። ቀስ በቀስ ወደ ታላላቅ ውድድሮች አለፈች፤ በጥር 2018 በባሃማስ ደሴቶች አንድ ውድድር አሸነፈች፤ ታሪኩንም በ2020 መጽሐፍ አድርጋ አወጣችው።

አስተማሪዋ ኤሪክ ሳይደል ነበር። ይህ ሰው በ1988 በዓለም ሻምፒዮናው የመጨረሻ ጨዋታ በጆኒ ቻን ወጥመድ ውስጥ ገብቶ ሲሸነፍ የሚያሳየው ምስል ከአሥር ዓመት በኋላ በአንድ የሆሊውድ ፊልም ውስጥ ገብቶ ዓለም ሁሉ አይቶታል። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ከጨዋታው ሊቃውንት አንዱ ሆኖ ቆይቷል። ተማሪዋ እንዴት ያለ መጥፎ ዕድል እንደገጠማት ልትነግረው ስትጀምር መስማት አይፈልግም ነበር። ካርታው እንዴት እንደወደቀ ሳይሆን፣ ካርታው ከመውደቁ በፊት ምን አስባ ምን እንደወሰነች ብቻ ነበር የሚያነጋግራት። ትምህርቱ በአጭሩ ይኸው ነው። የወሰነው ሰው የሚመዘነው በወሰነበት ሰዓት ሊያውቅ በሚችለው እንጂ በኋላ በታደለው አይደለም።

ይህን ትምህርት በእርግጥ የያዘ ሰው ከብዙ ከንቱ ጸጸት ይድናል። ሌላውንም በቀላሉ አይኮንንም። ልጁን ለሕክምና ወስዶ ሐኪሙ የመከረውን አድርጎ ልጁ የሞተበት አባት፣ ዝናብ ይመጣል ብሎ በወቅቱ ዘርቶ ዝናቡ የቀረበት ገበሬ «ምነው እንዲህ ባታደርግ» ከሚል ጎረቤት ምን ያህል ግፍ እንደሚቀበሉ የሚያስታውስ አንባቢ የትምህርቱን ዋጋ አይንቅም። ይሁንና ትምህርቱ በተግባር እንዴት እንደሚያዝ ልብ ብሎ የተመለከተ አንድ መዛነፍ ያያል። ተጫዋቹ ይህን ሚዛን የሚያነሣው ሲሸነፍ ነው። የተሸነፈበትን ካርታ ከኮምፒውተሩ መዝገብ አውጥቶ ያሰላል፤ 82 ከመቶ እየመራ እንደነበር አይቶ ይጽናናል። ሲያሸንፍ ግን መዝገቡን የሚከፍት ጥቂት ነው። በስሕተት ገንዘቡን አስይዞ ከስድስቱ አንዱ የወጣለት ሰው በዚያች ማታ ምን ይማራል? ሽልማቱን ይማራል። ዕድለ ቢስነትን መሸከም ከባድ ነው ይባላል፤ ያልተገባ ዕድልን መናዘዝ ግን ከዚያ ይልቅ የሚከብድ ይመስላል፤ ምክንያቱም የሚያስገድድ ሥቃይ የለበትም።

ይህ መዛነፍ በጨዋታ ላይ ቢቀር ብዙም ባላሳሰበ። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርደውን፣ ወይም ከናይሮቢ ወደ ናይቫሻ በስምጥ ሸለቆው አፋፍ የሚያልፈውን መንገድ የሚያውቅ አንባቢ መታጠፊያ ላይ ከፊቱ የሚመጣውን ሳያይ የጭነት መኪና የሚቀድም ሾፌር አይቷል። ሾፌሩ ይህን መቶ ጊዜ አድርጎ መቶ ጊዜ በሰላም ደርሷል። ተሳፋሪው «ጎበዝ ነው፣ ፈጥኖ ያደርሳል» ይለዋል። እርሱም በገዛ ልምዱ ላይ ተመሥርቶ ጎበዝ መሆኑን ያምናል፤ ማስረጃው መቶ ጉዞ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በኒው ዮርክ የነበረ አንድ ሐኪም የበሽተኞችን ምላስ በጣቱ እየዳሰሰ ታይፎይድ የሚይዘው ማን እንደሆነ አስቀድሞ በመናገር ዝና አትርፎ ነበር። ሐኪሙና ጸሐፊው ሉዊስ ቶማስ እንደተረከው ትንቢቱ ይደርስ ነበር፤ የሚደርሰውም እጁን ሳይታጠብ ከአንዱ ምላስ ወደ ሌላው በሽታውን ራሱ ያሻግር ስለነበር ነው። ሐኪሙ በውጤት አልተሳሳተም። ውጤቱ ነው ያሳሳተው።

እንግዲህ ከውጤት ዓይንን አንሥቶ ውሳኔን ብቻ መመልከት መፍትሔ ይሆናል? ይህንንም የኢንተርኔቱ ፖከር ታሪክ ራሱ ያፈርሰዋል። በ2007 በአንድ የኢንተርኔት ፖከር ኩባንያ መግቢያው 1,000 ዶላር የሆነ ውድድር ተካሄደ። ሁለተኛ የወጣው ተጫዋች የአሸናፊው አጨዋወት አስገርሞት የጨዋታውን መዝገብ ከኩባንያው ጠየቀ። ኩባንያው በስሕተት የሁሉንም ተጫዋቾች የተሸፈኑ ካርታዎች የያዘውን ሙሉ መዝገብ ላከለት። ተጫዋቾች ተሰብስበው ሲመረምሩት አሸናፊው የሌሎችን ካርታ እያየ ይጫወት እንደነበር፣ ከኩባንያው ውስጥም የሚረዳው እንዳለ ታወቀ። ከዚያ በፊት በእንደዚህ ያለ ሌባ የተበሉ ሰዎች ምን ብለው ነበር? «ውሳኔዬ ትክክል ነበር፤ ዕድል ነው»። ትምህርቱን በሚገባ ይዘው ነበርና ሌባውን ዕድል ብለው ጠሩት። ያወቁበት ውጤቱን ቆጥረው «ይህ በዕድል ብቻ ሊሆን አይችልም» ያሉት ናቸው። አንድ ውጤት ብዙ አይመሰክርም፤ የብዙ ውጤት ክምችት ግን ምስክር ነው፤ ምስክሩን አልሰማም ማለትም ራሱ ውሳኔ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ጥያቄ ስንት ውጤት ይበቃል የሚለው ነው። በ2017 በፒትስበርግ ከተማ ሊብራተስ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ከአራት ባለሙያዎች ጋር ሲገጥም 120,000 ጊዜ ካርታ ታድሏል። ያን ያህል ያስፈለገው በጥቂት ጨዋታ የተገኘ ድል ከዕድል ተለይቶ ስለማይታይ ነው። ሰው ግን በዕድሜው ስንት ጊዜ ያገባል? ስንት ጊዜ ይሰደዳል? ስንት ጊዜ ያጠራቀመውን አውጥቶ ሱቅ ይከፍታል? የሕይወት ታላላቅ ውሳኔዎች በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ፤ ዕድልን የሚያጠራ ብዛት የላቸውም። በጠረጴዛው ላይ «በረጅሙ ጊዜ ይካካሳል» የሚለው ቃል ሒሳብ ነው። ከጠረጴዛው ውጭ ብዙውን ጊዜ ማጽናኛ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። በጅዳ ወይም በቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ እኅት ለዓመታት ለወንድሟ ገንዘብ ትልካለች እንበል። ወንድሟ አዋቂዎችን አማክሮ፣ ገበያውን አጥንቶ፣ ገንዘቡን በንግድ ላይ ያውለዋል። ከዚያም እርሱ ሊያውቀው በማይችለው ምክንያት ገንዘቡ ይጠፋል። ወንድምየው የፖከርን ትምህርት የሚያውቅ ከሆነ «ውሳኔዬ ትክክል ነበር» ሊላት ይችላል። ምናልባትም ሐሰት አልተናገረም። ሆኖም ይህን ቃል ብቻ ተናግሮ የተቀመጠ ወንድም አንድ ነገር እንደ ጎደለው ማንም ይሰማዋል። የጎደለው ምንድን ነው?

በ1976 እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊሊያምስና አሜሪካዊው ቶማስ ኔግል በአንድ መድረክ ላይ ይህንኑ «የሥነ ምግባር ዕድል» ብለው በሰየሙት ርእስ ሥር ተከራክረውበት ነበር። ዊሊያምስ ያለ ምንም ጥፋቱ ሕፃን የገጨ ሾፌርን በምሳሌነት አንሥቷል። ሾፌሩ አላጠፋም፤ ቢሆንም የሚሰማው ኀዘን ከዳር ቆሞ አደጋውን ካየ ሰው ኀዘን የተለየ ነው፤ ልዩነት ባይኖረው ደግሞ ሰው ሁሉ ይጠረጥረዋል። ፈላስፎቹ ይህን እንደ እንቆቅልሽ ትተውታል ማለት ይቻላል። የአፍሪካ ቀንድ ሕዝቦች የቆየ የዕርቅ ሥርዓት ግን ለእንቆቅልሹ የራሱ መልስ አለው። በኦሮሞ ዘንድ ጉማ፣ በሶማሌ ዘንድ መግ ወይም በዓረብኛ ስሙ ዲያ የሚባለው የደም ካሳ ሆን ብሎ በገደለ ብቻ ሳይሆን ሳያስበው ሰው በጠፋበትም ላይ ይወድቃል፤ ገዳዩም ብቻውን ሳይሆን ወገኑ ሁሉ ይከፍላል። ሽማግሌዎቹ ያልታሰበን ከታሰበ ለይተው የሚያውቁ ናቸው። የካሳው ነገር የሚነግራቸው ግን ጥፋትና ዕዳ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። ጥፋት የሚመዘነው በውሳኔው ነው፤ ዕዳ ግን በሆነው ነገር ይቆጠራል። ወንድምየው ጥፋት የለበትም። ዕዳ ግን አለበት፤ ገንዘቡን መመለስ ባይችል እንኳ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዶ ዓይኗን እያየ የሆነውን መንገር፣ የኪሳራውንም ድርሻ መሸከም ይጠበቅበታል። በፖከር ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ያለ ዕዳ የለም። የተሸነፈ ከፍሎ ይነሣል፤ ያሸነፈም የማንም ባለዕዳ አይደለም። ጨዋታው ውሳኔን ከውጤት ነጥሎ ማስተማር የቻለው ዕዳን ቀድሞ ከጠረጴዛው ስላስወገደ ነው፤ ትምህርቱን ወደ ቤቱ ይዞ የሚሄድ ሰውም ይህን መዘንጋቱ ነው የሚያሳስበው።

ለመሆኑ በጠረጴዛው ላይስ በእርግጥ ዕዳ የለም? አማርኛ በቁማር ያሸነፈውን «በላ»፣ የተሸነፈውን «ተበላ» ይለዋል። እንግሊዝኛው አሸነፈና ተሸነፈ ብሎ በስፖርት ቋንቋ ያልፈዋል፤ አማርኛው አያፍርም። ገንዘቡ ከሰማይ አልወረደም። አዘጋጁ ከየመግቢያው ድርሻውን አስቀድሞ ስለሚያነሣ፣ ተጫዋቾቹ አንድ ላይ ተደምረው ከከፈሉት ያነሰ ነው የሚያገኙት። እንግዲህ አንዱ ትዕግሥትንና ራስን መግዛትን ሲማር የትምህርቱን ክፍያ የሚሸፍኑለት ገና ያልተማሩት፣ ከዚያም መቼም የማይማሩት ናቸው። ባለፉት ዓመታት በናይሮቢ፣ በካምፓላና በአዲስ አበባ እንደ አሸን በፈሉት የስፖርት ውርርድ ቤቶች ወጣቱ የሚገጥመው ከቤቱ ጋር ነው፤ በዚያ ያለው ግፍ ግልጽ ነው። በፖከር የሚበላው ወንድም ወንድሙን ነው። ሁሉም ፈቅዶ ተቀምጧል የሚለው መልስ ትልቅ መልስ ነው፤ ለብዙዎችም ይበቃል። ማቆም ላቃተው ሰው ግን ፈቅዶ ተቀምጧል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ አይደለም። ከሌሎቹ መካከል ይህን ሰው ለይቶ የሚያይበት መንገድ ደግሞ የኢንተርኔቱ ተጫዋች የለውም። በድሮው ጠረጴዛ የሚበላው ሰው እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ ፊቱ ሲገረጣ ይታይ ነበር፤ ያየም ሰው ቢያንስ ማየቱን ያውቅ ነበር። በኮምፒውተሩ ላይ የሚታየው የሐሰት ስምና የአንድ እንስሳ ሥዕል ነው።

በአንድ ዶላር መግቢያ 180 ሰዎች የተመዘገቡበት ውድድር ማታ ተጀምሮ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያልቃል። ለአንዱ አንድ ዶላር የሻይ ዋጋ ነው፤ ለሌላው የዛሬ አምስተኛ ዶላሩ፣ ነገ ለሚከፈል ቤት ኪራይ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። ቺፕሱ ያለቀበት ሰው ስሙ ከጠረጴዛው ላይ ይጠፋል፤ ወንበሩ ለአፍታ ባዶ ይሆናል፤ ከዚያም ኮምፒውተሩ ከሌላ ጠረጴዛ አንድ ስም አምጥቶ ያስቀምጥበታል፤ ካርታም ይታደላል።